ከአያያዝ ይቀደዳል

በመርካቶ ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው አሮጌ ዕቃ ሞቶ አይቀርም። ከየቤቱ የተጣለው ቆርቆሮና ብረት በቀጥቃጮቹ እጅ ምድጃና ሳጥን ሆኖ ይነሣል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ከሐኪም ቤት የሚወጣ መሣሪያ እንደ ማንኛውም ብረት ተመዝኖ የሚሸጥ አለመሆኑን ልናስብበት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል አገር በጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ የሕክምና ቤት የጨረር መሣሪያ ተፈትቶ ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ የነበረው ሴዚየም ሰማያዊ ብርሃን ስለ ነበረው ቤተ ሰብና ጎረቤት ተካፈለው፤ 249 ሰዎች ተበከሉ፣ 4 ሰዎችም ሞቱ። ነጋዴው የገዛው ብረት መስሎት ነበር።

ዛሬ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ሌላ ነገር አለ። መድኃኒትን በልክ ወደ ደም ሥር የሚያፈሰው ፓምፕ የሐኪም ቤቱን የዋይፋይ የይለፍ ቃል በሆዱ ይይዛል፤ መብራቱ ቢጠፋም አይረሳውም። ራፒድ ሰቨን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዙ 13 ፓምፖችን ሲመረምር፣ በብዙዎቹ ውስጥ የቀድሞው ሐኪም ቤት ምስጢር ሳይጠፋ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት በ2022 እንደ ተገለጸው፣ ሲግማ ስፔክትረም በተባለው ፓምፕ ባትሪው ሲገጠም የይለፍ ቃሉ ወደ ባትሪው ይገለበጣል፤ ባትሪውን ነቅሎ የሄደ ሰው ቁልፉን ይዞ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ረቂቅ ጥበብ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ አንዳንድ ጊዜ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል።

በአገራችንም የሕሙማን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ነው። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ይቆጥረዋል። የመዝገቡ በር ተቆልፎ ቁልፉ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በጨረታ ከተሸጠ ግን አዋጁ ብቻውን ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ነገ የግምጃ ቤት ቁልፍና የሽያጭ ፊርማ የምትረከቡ ወጣቶች ሆይ፣ የሕክምና መሣሪያ ከመሸጡ በፊት ባለሙያው ማኅደረ ትውስታውን ማጥፋቱን፣ ማጥፋት ባይቻል ነቅሎ መስበሩን፣ የባትሪውንም ክፍል አለመዘንጋቱን ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አትፈርሙ። ምናለሽ ተራ የሚገዛው ብረት ነው፤ ከብረቱ ጋር የሕሙማንን ምስጢር የምንሸጥ እኛ እንዳንሆን እንጠንቀቅ።