ውጤትን ስለ መሰረዝ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ፈተና ወድቀህ እንደ ሆነ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። አልፈህም እንደ ሆነ የወደቀ ወንድም ወይም የወደቀች እኅት አታጣምና እስከ መጨረሻው አንብበው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ በልጅነቱ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ጀጎል ውስጥ ካለው ቤቴ መጣ። ውጤቱ ከመቶ 50 አልሞላም። «ጋሼ፣ ውጤቱን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። እንዳልተፈተንሁ ይቆጠርልኝ። ሬሜዲያል ቢመድቡኝም አልገባም፤ ፈረስ መጋላ ላይ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?» አለኝ። እኔም «መጀመሪያ ያጠፋኸውን መልሰህ አምጣ፤ ከዚያ በኋላ እንመካከራለን» አልሁት። ልጁ ተቀይሞ ሄደ። አባቱም በማግሥቱ መንገድ ላይ አግኝቶ «ጋሼ፣ ልጄን አዋረዱብኝ» ሲል ወቀሰኝ። እንግዲህ ለሁለቱም በአጭሩ የመለስሁትን ዛሬ አስፍቼ ልጽፈው ወደድሁ።

መሰረዝ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የፈተና ጥያቄ ከቀኑ በፊት አፈትልኮ በየስልኩ በተሰራጨ ጊዜ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰርዞ ሌላ ፈተና ሰጠ። ይህ የሚገባ ሥራ ነበር፤ የተሰረዘው ሐሰት ነውና። በአሜሪካ አገርም ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የወሰደ ተማሪ፣ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ያን ውጤት ኮሌጁ እንደማያየው ሁሉ እርሱም አያየውም። ከኀፍረቱ ይድናል፤ ምን እንደ ጎደለው ግን ሳያውቅ ይቀራል። ይህ ትርፍ ነውን?

ወደ አገራችን እንመለስ። ኩረጃና የፈተና ስርቆት ስለ በዛ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ890,000 በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ውስጥ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 30,000 አልሞሉም፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። ከ1,000 በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በዚያ ሰሞን በየሻይ ቤቱ «ይሰረዝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይሰረዝ የሚሉት ለልጆቹ የሚያዝኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ልብ አድርግ። ያ ቁጥር ቢሰረዝ ኖሮ፣ የሂሳብ መምህር የሌለውን ክፍል፣ መጽሐፍ የሌለውን ትምህርት ቤት፣ ሳይገባው ከክፍል ክፍል የተዛወረውን ልጅ ማን ያያቸው ነበር? በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ 3.2፣ ከዚያም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 አለፉ። ይህ ገና ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የምናውቀው እውነት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ይህን የምለው ውድቀትን ስለማላውቀው አይደለም። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ጽኑ ሥርዓት ነበረው፤ የታረመ ወረቀት መቅደድ ያስቀጣ ነበር። ስሕተታችንን ከነቀይ ቀለሙ ትተን፣ ትክክለኛውን ከጎኑ እንጽፍ ነበር። ይህን እያወቅሁ በ1971 ዓ.ም. የማትሪክ ውጤቴ ባላማረ ጊዜ ወረቀቱን ከፍራሽ ሥር ደበቅሁት። እናቴ በጠየቀችኝ ቁጥር «ገና አልመጣም» እላት ነበር። ብዙ ወራት እንዲሁ አለፉ። በእነዚያ ወራት አንድ ገጽ አላነበብሁም፤ ያልወደቀ ሰው ምን ብሎ ያጠናል? መጻሕፍቴን የገለጥሁት እውነቱን ለእናቴ ከነገርኋት በኋላ ነው። እርስዋም «ይህን ያህል ጊዜ ብቻህን ተሸከምኸው?» ከማለት በቀር አልተቆጣችኝም።

ወላጆች ሆይ፤ የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ልጁ ውጤቱን የሚያጠፋው የቤታችንን ምሣር ፈርቶ ነው። «የጎረቤት ልጅ አለፈ፤ አንተስ?» የምንል እኛ፣ ሐሰትን በቤታችን እናስተምራለን። ውጤት መደበቅን የለመደ ልጅ ነገ የሐሰት ዲፕሎማ ቢገዛ ለምን እንደነግጣለን?

እንግዲህ አንተ ወጣት፣ ምን ታደርግ? ውጤትህን ከፊትህ አስቀምጥና በየትምህርቱ ለይተህ አንብበው። በአንዱ ወይም በሁለቱ ትምህርት ብቻ የደከምህ፣ ወይም በፈተናው ሰሞን ታመህ የነበርህ እንደ ሆነ፣ በግል ተመዝግበህ እንደገና መፈተን ይገባሃል። በብዙው ደክመህ ዕድሉ ከተሰጠህ ግን ሬሜዲያል መግባት ውርደት አይደለም፤ ከ50 በታች ካመጡት መካከል የተሻሉት የጎደላቸውን እንዲሞሉ የታሰበ ትምህርት ነው። ሁለቱም ባይሆኑልህ ቴክኒክና ሙያ አለ። ጀጎል ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች አሉት፤ አንዱን በር ተዘግቶ ያገኘ መንገደኛ ግንቡን ተከትሎ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ከተማው የለም አይልም። እንደገና መፈተን መልካም ነው፤ የወደቁበትን ሳያውቁ እንደገና መፈተን ግን ሁለተኛ መውደቅ ነው።

ያ ልጅ ከሳምንት በኋላ ውጤቱን በወረቀት አሳትሞ ይዞ መጣ። አብረን አነበብነው። ባዮሎጂ ደኅና ነበር፤ ሂሳቡ ግን እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ እኔም አፈርሁ። በ7ኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማርሁት እኔ ነኝና። ክፍልፋይ መደመር እንደማይችል እያወቅሁ፣ ክፍሉ ስለ ሞላና ዓመቱ ስላለቀ «ይለፍ» ብዬ ፈርሜለታለሁ። ልጁ ውጤቱን ሰርዞ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ ውድቀት ጋር የእኔም ጥፋት በተሰረዘ ነበር። ይህንኑ ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ከዚያ ደብተር አውጥተን ከክፍልፋይ ጀመርን።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ዝቅተኛ ውጤትህን አትሰርዘው። ያንተን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመሰክራልና ጠብቀው። ቀይ ቀለሙ ባለበት ይኑር፤ አንተ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍ።