መታወቂያው ለዜጋው ወይስ ለጠርናፊው?



ትናንት የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ማን ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ ሲቆጥርብን ኖሯል። ዛሬ ጠርናፊው ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። የያዝነው ስልክ፣ ባንደውልበት እንኳ፣ በየትኛው የኔትወርክ ማማ ሥር እንዳለን ይናገራል፤ ሲም ካርዱም በስማችን ተመዝግቧል። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የአሥር ጣታችን አሻራ፣ የሁለት ዓይናችን ብሌንና የፊታችን ምስል በፋይዳ ቋት እየገባ ነው። እነዚህ ሲያያዙ ዜጋ ምልክት እንደተደረገበት ከብት በየደረሰበት ይታወቃል።

መታወቂያን አንቃወምም። የቀበሌው ካርድ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው፤ ያ መስመር ምን እንዳመጣ የራያ ሕዝብ ነጋሪ አያሻውም። ፋይዳ ብሔር አለመጠየቁን፣ የተቃዋሚ ወግ ባይሆንም፣ እንደግፋለን። የምንቃወመው መዝገቡ ገለልተኛ ጠባቂ የሌለው መሆኑን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪ የተደረገው ግን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ማለትም ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ጅብን ሥጋ አስጠብቆ ተኙ ማለት ይህ ነው። የተቀዳ የስልክ ንግግር በምርመራ ክፍል ለታሳሪዎች ይቀርብ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ማጋለጡን አልረሳንም።

ለቆቦ ሰው ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ከተማችን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ በጳጉሜን 2013 ያልታጠቁ ነዋሪዎቿን ቀብራለች። ሰው የሚያድን ኃይል ጠቋሚ ይፈልጋል፤ የአሻራ መሣሪያ የያዘ ግን ጠቋሚ አያሻውም። በነሐሴ 2013 ታሊባን ካቡልን ሲቆጣጠር የአሜሪካ ጦር ይገለገልባቸው የነበሩ የአሻራና የዓይን መለያ መሣሪያዎች እጁ መግባታቸው ተዘግቧል። ዛሬ መዝገቡን የሚያምን ሁሉ ነገ ማን እንደሚይዘው ይጠይቅ።

ስለዚህ ብትመርጡን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 በሥራ ለመተርጎም እንታገላለን። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንም ስልክ ያለበት ቦታ ለፖሊስም ሆነ ለደኅንነት አይሰጥም። መዝገቡን ማን፣ መቼ እንደከፈተው ባለቤቱ ያውቃል። ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለምክር ቤት ይሆናል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የባንክ ሒሳብንና ሲም ካርድን ከመታወቂያ ቁጥር ጋር በግዴታ ማያያዝን ሽሯል፤ እኛም ግዴታውን እናነሳለን። ማሽላ ሲያርምና ሲያጭድ አሻራው የተፋቀ ገበሬ ማሽኑ አላወቀህም ተብሎ ከባንክ መስኮት ባዶ እጁን አይመለስም።