መልሱን እያወቀ ዝም ያለ ልጅ



ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ሰሃቦቻቸውን ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ሙስሊምን የሚመስል ዛፍ የቱ እንደሆነ ጠየቁ። ሰዎቹ የበረሃውን ዛፍ ሁሉ በሐሳባቸው ዞሩት። ከሁሉም ትንሹ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር የተምር ዛፍ መሆኑ ታይቷቸው ነበር፤ ግን ታላላቆቹ ፊት መናገር አፍረው ዝም አሉ። በኋላ አባታቸው ዑመር (ረ.ዐ) ሲሰሙ፣ ምነው በተናገርከው ብለው ተቆጩ። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል።

ቅዳሜና እሁድ ሚዛንና ቴፒ ላይ ሕፃናትን የምናቀራ ተማሪዎች፣ ስንቱን እንዲህ ያለ ልጅ ዝም አሰኝተናል? ሒፍዙ ይቅር አላልኩም፤ መሠረቱ እሱ ነው። ግን ከቂርኣቱ ማብቂያ አሥር ደቂቃ ለጥያቄ ትሁን። አሜሪካዊው ማቲው ሊፕማን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን መሰሉን ትምህርት «ፍልስፍና ለሕፃናት» ብሎ ክፍል ውስጥ አስገብቶታል። ፍልስፍና የሚለው ስም የሚያስደነግጠው ካለ ስሙን ይተወው።

እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ ከሰው ማሳ መሬት ላይ የወደቀ የቡና ፍሬ መልቀም ስርቆት ነው? የቡና ለቃሚ ልጅ በዚህ ላይ ብዙ የሚለው አለው። ቶሎ አታርሙት፤ «ለምን እንዲህ አልክ?» በሉት፣ ጓደኛውም ይከራከረው። የፊቅሁን ፍርድ በመጨረሻ ንገሯቸው። ካላወቃችሁት አላውቅም በሉና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኡስታዝ ጠይቃችሁ አምጡ።