ለነርስነት ትምህርት ብድር ዋስ ስለ መሆን

በዋሺንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች ምግብ ቤት፣ ሱቅ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሥራ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከዘመድም ከሠራተኛም የሚቀርብላቸው አንድ ልመና አለ፤ ይኸውም ለነርስነት ትምህርት በሚወሰደው ብድር ላይ ዋስ ሆኖ የመፈረም ጉዳይ ነው። ለማኙ ትጉ፣ ዓላማውም የተመሰገነ ስለ ሆነ እንቢ ማለት ያሳፍራል። ነገር ግን አንድ ከረጢት ጤፍ ሳይመረምር የማይገዛ ነጋዴ የብድሩን ውል ሳያነብ መፈረሙ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ትምህርቱ ዋጋውን የሚመልስ መሆኑ አያጠራጥርም። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ለግንቦት 2024 እንዳሰላው ከተመዘገቡት ነርሶች እኩሌታዎቹ በዓመት ከ93,600 ዶላር በላይ ያገኛሉ፤ ከነርስ ረዳቶች ግን እኩሌታዎቹ 40,000 ዶላር እንኳ አይሞላላቸውም። ከረዳትነት ወደ ነርስነት ለመሻገር መበደር እንግዲህ ለንግድ እንደሚወጣ መነሻ ገንዘብ የሚቈጠር ነው። ከማን፣ በስንት ወለድና ለየትኛው ትምህርት ቤት የሚለው ግን መጠየቅ አለበት።

አበዳሪው የፌዴራሉ መንግሥት የሆነ እንደ ሆነ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ዋስ አይጠየቅም። ወለዱም አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ አይለወጥም፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 እስከ ሰኔ 2026 ላለው ዓመት የተወሰነው 6.39 በመቶ ነው። ሆኖም ከወላጆቹ ተለይቶ ራሱን የቻለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከ9,500 ዶላር በላይ አያገኝም፤ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ስደተኛ ደግሞ ከነጭራሹ አይሰጠውም። ወደ ግል አበዳሪ ሄዶ ዋስ የሚፈልገው ይህን የመሰለው ሰው፣ ወይም የመረጠው ትምህርት ቤት ክፍያ ከመንግሥቱ ወሰን ያለፈበት ተማሪ ነው።

ልዩነቱ በቍጥር ሲታይ ይገለጣል። 30,000 ዶላር በ10 ዓመት ሊከፍል በ6.39 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 339 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ ወለዱ በጠቅላላው ከ10,600 ዶላር ጥቂት ያልፋል። ያው ገንዘብ ከግል አበዳሪ በ12 በመቶ ቢወሰድ የወሩ ክፍያ 430 ዶላር፣ ወለዱም ከ21,600 ዶላር በላይ ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው የዋስትናው ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ዋስ የሆነ ሰው፣ ገንዘብ ጠያቂው አስቀድሞ የባለዕዳውን ንብረት ይከታተል ብሎ ለመቃወም መብት አለው። ብዙ ሰው ከአገሩ በልቡናው ይዞት የመጣው የዋስትና ትርጉም ይኸው ነው። በአሜሪካ ግን አብሮ የፈረመ ሰው እንደ ዋናው ባለዕዳ ይቈጠራል፤ አበዳሪው ተማሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። ተማሪው ክፍያ ያዘገየ እንደ ሆነ በዋሱም የክሬዲት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ነጋዴውም ይህን የሚረዳው ሱቁን ለማስፋፋት ባንክ በሄደበት ቀን ነው። የትምህርት ብድር በኪሳራ ሕግም በቀላሉ አይፋቅም። ትምህርቱ በመካከል ቢቋረጥ፣ የሥራ ፈቃዱ ባይገኝ፣ ዕዳው እንዳለ ይቆያል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን መመርመር ተገቢ ነው። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ በሁለት ዓመት ዲግሪ የወጣውና ከዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት የተመረቀው የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው፤ እርሱም ኤንክሌክስ የሚባለው ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎች የአራት ዓመቱን ይመርጣሉ፤ ይሁን እንጂ የቀረውን ደመወዝ እያገኙ መጨረስ ይቻላል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የነርሶች ቦርዶች ከየትምህርት ቤቱ ምን ያህሉ ፈተናውን እንዳለፉ ያስታውቃሉ። በአጭር ጊዜ እናስመርቃለን የሚሉትን ደግሞ መጠራጠር ይበጃል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ፣ በፍሎሪዳ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 የሚበልጥ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ ተሽጧል ሲሉ 25 ሰዎች መክሰሳቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ታዲያ ነጋዴው ለማኙን ባዶ እጁን ይስደደው ማለት አይደለም። ወለድ የሌለበት ዕቁብ ለአንድ ሰሚስተር ክፍያ ሊደርስ ይችላል። ለማኙ የነጋዴው ሠራተኛ በሆነ ጊዜ ግን የተሻለ መንገድ አለ፤ በአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ ክፍል 127 መሠረት እ.ኤ.አ. በ2026 አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ገንዘቡ በሠራተኛው ገቢ ላይ ተቈጥሮ ግብር አይጠየቅበትም። ትምህርቱ ከሥራው ጋር እንዲገናኝ አይገደድም፤ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነርስነት ሊማርበት ይችላል። ቀድሞ የተወሰደን የትምህርት ብድር ለመክፈልም ይሆናል። በእርግጥ አሠራሩ በጽሑፍ መዘጋጀትና ለሠራተኞቹ መገለጥ አለበት፤ ባለቤቱ ለሚስቱና ለልጆቹ ብቻ የሚያዘጋጀው አይደለም። የሂሳብ ዐዋቂ ማማከር ያስፈልጋል።

ሠራተኛው ነርስ ሲሆን ትቶኝ ይሄዳል የሚል ነጋዴ አይታጣም። መሄዱ አይቀርም። ነገር ግን ለሦስት ዓመት የተከፈለው በሙሉ ቢደመር 15,750 ዶላር ነው፤ በእነዚያ ዓመታትም የማታውን ሥራ የሚያውቅ ሰው በቦታው ይቆያል። ክፍያውን የሰሚስተሩ ውጤት ሲቀርብ እንዲሆን አድርጎ በጽሑፉ ማስገባት ይቻላል፤ ተማሪው ያቋረጠ እንደ ሆነ የነጋዴውም ወጪ በዚያው ቀን ይቆማል፤ በብድሩ ውል ላይ የሰፈረው ፊርማ ግን እንዲህ አይቆምም።