መሳል የማያውቅ ማን ነው?



«የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቅርቡን ከሩቁ ለይተው መሳል ስለማያውቁ ኋላ ቀሮች ነበሩ» የሚል አነጋገር በመካከላችን ይሰማል። ይህ አነጋገር ፐርስፔክቲቭ ምን እንደሆነ ካለመረዳት የመጣ ነው።

ፐርስፔክቲቭ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። ጥርት ያለ ላስቲክ በፍሬም ወጥሩና አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ ራሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ በዚያ በኩል የምታዩትን በላዩ ላይ አስምሩ። በ20 ሜትር ርቀት የቆመው ሰው፣ በ10 ሜትር ከቆመው እኩያው በግማሽ አንሶ ይሰመራል። የመንገዱ ሁለት ጠርዞች ላስቲኩ ላይ ወደ አንድ ነጥብ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ግን አልጠበበም። ኢጣሊያዊው አልበርቲ በ1435 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያብራራው ሕግ ይኸው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሕጉ የሚሠራው ለአንድ ዓይን፣ ለዚያውም ከአንድ ቦታ ለማይነቃነቅ ዓይን ነው። ሰው ግን በሁለት ዓይኑ፣ እየተንቀሳቀሰ ያያል። ታዲያ የእይታ እውነት ይህ ብቻ ነው ማን አለ?

የእኛ ሠዓሊ የለካው ርቀትን ሳይሆን ክብርን ነው። ማርያምን ከአጠገቧ ካሉት አተልቆ የሚስላት ስለቀረበች አይደለም። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን መሳሉም አለማወቅ አይደለም፤ ፍርድ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን ሕጉን ይማሩ፤ ቤትና ድልድይ ሲነድፉ ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን አባቶቻቸውን መናቂያ አድርገን አንስጣቸው። ጨርቅ በቁና፣ እህል በክንድ አይለካም!