ራሱን በራሱ የሚቀልብ ሞተር የለም፤ የጀመዓው ገንዘብ ግን አማና ነው!



ቦኖሻ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ይላል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋው ይረዝማል፣ ማታ የሚቀሩ ልጆች በስልክ መብራት ያጎነብሳሉ። ችግሩ እውነት ስለሆነ ነው ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው ቪዲዮ የብዙዎችን ልብ የወሰደው። ሞተር ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሞተሩን ያዞራል፤ የተረፈው አምፖል ያበራል። ነዳጅ የለም፣ ቆጣሪ የለም ይሉናል። «ማሽኑን እናስመጣለን፤ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚሉም መጥተዋል። ይባስ ብሎ ለመድረሳው ጣሪያ የተዋጣው ገንዘብ ወደዚህ ይዙር የሚል ሐሳብ ከራሳችን ሰዎች ተነስቷል።

አቋማችንን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። እንዲህ ያለ ማሽን የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ምክንያቱን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ዲናሞ ያለበት ብስክሌት የነዳ ሰው መብራቱን ሲያበራ ፔዳሉ እንደሚከብደው ያውቃል። የናፍጣ ጀነሬተርም ከባድ ዕቃ ሲሰካበት ድምፁ ይለወጣል፣ ያቃስታል። ዲናሞ ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር የሚያዞረውን ኃይል ይጠይቃል፤ በነፃ የሚሰጠው ነገር የለም። አሁን እናስላ። ሞተሩም ዲናሞውም ጎበዝ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከተቀበሉት 100 ውስጥ 80 ይመልሳሉ እንበል። ለሞተሩ 1000 ዋት ብንሰጠው 800 ለዲናሞው ያደርሳል፤ ዲናሞው ከ800 ውስጥ 640 ይመልሳል። ቀሪው 360 ሙቀት፣ ሰበቃና ጩኸት ሆኖ ሄዷል። ያንን 640 መልሰን ብናስገባው ወደ 410 ይወርዳል። አምፖል ገና ሳንሰካ ማሽኑ እየሞተ ነው። ዕቃው በጣም ምርጥ ቢሆን አሟሟቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

«በዓይናችን አይተናል፤ ሲሠራ ነበር» ትላላችሁ። ስንት ደቂቃ? 100 ዋት አምፖል ለ20 ደቂቃ ማብራት የሚፈልገው 33 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀ አንድ የመኪና ባትሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያስጨበጭባል። ከባዱ የብረት ጎማም ቢሆን ተአምር የለውም። 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ብረት በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢሽከረከር በውስጡ ያለው ኃይል ያንን አምፖል 5 ደቂቃ እንኳ አያበራም። ያንንም ቢሆን ቀድሞ የሰጠው ያሽከረከረው ሰው ነው።

ሌላው ክርክር «መኪና እየሄደ ባትሪውን ይሞላ የለም ወይ?» የሚል ነው። ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ቤንዚኑ ነው። ግድብም የራሱን መቆጣጠሪያ ክፍል በራሱ መብራት ያበራል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ግን ውሃ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ አውጥቶ ያዘነበው ደግሞ አላህ በፀሐይ ሙቀት ነው። ከግልገል ጊቤ 1 የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ ታች ይወርድና ጊቤ 2 ላይ እንደገና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። 420 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ታዲያ በዚያ መብራት ውሃውን መልሶ ወደ ላይ ስቦ ለዘላለም ማሽከርከር ለምን አልተቻለም? በሌሎች አገሮች ውሃ ወደ ላይ የሚገፉ ጣቢያዎች አሉ፤ ለመግፋት የሚያወጡት ኃይል ሲወርድ ከሚያገኙት ሁልጊዜ ይበልጣል። ኃይል ማስቀመጫ ናቸው እንጂ ምንጭ አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መብራት በፈረቃ የሆነብን የጊቤ 3 ውሃ ስለቀነሰ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሕዳሴ ግድብም ያለ ዓባይ ውሃ የሲሚንቶ ግንብ ነው።

ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ያውቁ ነበር። አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው የመሣሪያዎች መጽሐፉ ውሃ የሚስቡ ማሽኖችን ገልጿል። በአንዱ ላይ ከእንጨት የተሠራች ላም እየዞረች ማሽኑን የምትጎትት ትመስላለች፤ የሚያዞረው ግን ከሥር የተሰወረ የውሃ ጎማ ነው። አል-ጀዘሪ ምስጢሩን አልደበቀም፤ በሥዕልና በመለኪያ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1813 ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ሬድሄፈር የተባለ ሰው «ራሱን የሚያዞር ማሽን» እያሳየ ገንዘብ ሰበሰበ። መሐንዲሱ ሮበርት ፉልተን ጣውላውን ሲነቅል ቀጭን ገመድ ተገኘ። ገመዱ ግድግዳውን አልፎ ወደ ላይኛው ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ እጀታ ያዞራል። በሁለቱም ዘንድ የተሰወረ ነገር አለ። አንዱ ገልጦ አስተማረ፣ ሌላው ሸፍኖ በላ።

«አላህ በሁሉም ነገር ላይ ቻይ ነው» ብለው የሚሞግቱን ወንድሞችም አሉ። አላህ ቻይ ነው፤ ሻጩ ግን አላህ አይደለም። እሳት ለኢብራሂም (ዐ.ሰ) መቀዝቀዙ የነቢይ ሙዕጂዛ ነው፤ በቅድሚያ ክፍያ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ከማንም የማይከጅል፣ በራሱ የተብቃቃ አንድ አላህ ብቻ ነው። ፍጡር ሁሉ ከውጭ ይቀለባል፤ ሰው በእንጀራ፣ በሬ በሣር፣ ሞተር በነዳጅ። «የኢትዮጵያዊን ፈጠራ በምቀኝነት ታጣጥላላችሁ» ለሚሉንም መልሳችን አጭር ነው። ለፈጣሪ ክብር የምንሰጠው ሥራውን ስንፈትሽለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከላይ ደረቅ የመሰለውን ከሥር እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ነጋዴውንም እንደገሠጹት በሙስሊም ዘገባ ተቀርተናል። እጅ ማስገባት ሱና ከሆነ ዲናሞው ሥር እጃችንን ብናስገባ ምን ነውር አለው?

በፊቅህ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የባለ አቤቱታው ነው። ስለዚህ ሻጮቹን እንዲህ እንጠይቃቸው።

1ኛ፦ ማሽኑን መስጂዱ ግቢ ያምጡት። ጠረጴዛው፣ ሳጥኑና ወለሉ ይገለጥ።

2ኛ፦ ባትሪ ካለው ይነቀል፤ «ለማስነሻ ብቻ ነው» ካሉም ከተነሳ በኋላ ይነቀል።

3ኛ፦ አምፖል ብቻ ሳይሆን ምጣድ ይሰካበት፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጀመዓው ተራ ገብቶ ይጠብቀው።

4ኛ፦ እስከዚያ አንዲት ብር አይቀበሉ። የሌለ ዕቃ በማይታወቅ ተስፋ መሸጥ ገረር ነው።

እውነተኛ ሰው ይህን አይፈራም። የሚቆጣ ካለ ቁጣው መልስ ነው።

መብራት ለሚያስፈልገው መስጂድና መድረሳ የሶላር ፓነልና ባትሪ አለ። ዋጋ አለው፣ ደመና ይቀንሰዋል፣ ባትሪው ያረጃል። ግን ምግቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን። የመድረሳው ኮሚቴ ሆይ፣ ያ ገንዘብ በርበሬዋን ሸጣ ሃምሳ ብር የሰጠች እናት አማና ነው። የሰጠችው ለጣሪያ ነው፤ ጣሪያ ይሁንበት። ልጆቹ ክረምት ሳይገባ ከዝናብ ይጠለሉ።

አላህ ሐቁን አይተው ከሚከተሉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ለሌሎች እንዲደርስ ሼር አድርጉት፤ በተለይ ቪዲዮውን ለላኩላችሁ።