ጠባዩ በድንገት የተለወጠ በሽተኛ

በዛሬው የጤና ዐምዳችን ከቫይረስ ስለሚመጣ የአንጎል መቆጣት ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። ሕመሙ ማንንም ሊይዝ ቢችልም፣ ይበልጥ የሚያሳስበን የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል የደከመባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። እነዚህም ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ወይም የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው ናቸው።

ከንፈርን የሚያቆስለው ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ወደ አንጎል በዘለቀ ጊዜ በሽተኛውን ትኩሳትና ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ያንቀጠቅጠዋል። ቤተ ሰቡም ነገሩን ልክፍት ወይም እብደት ነው እያለ ቀኑን ይፈጃል። በደካማ ሰውነት ላይ ደግሞ ትኩሳቱ ላይታይ ስለሚችል ስሕተቱ ይብሳል። መድኃኒት ካልተሰጠ ግን ከ10 በሽተኞች 7 ያህሉ ይሞታሉ።

ሐኪሙ በመጀመሪያ አንጎሉን በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ መሣሪያ ይመለከታል። እብጠት አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከወገብ አጥንቶች መካከል ጥቂት ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል። «ከጀርባው ውኃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» እያሉ የሚከለክሉ ዘመዶች አሉ። ነገር ግን መርፌው የሚገባው ኅብለ ሠረሠር ካበቃበት ሥፍራ በታች ነው። ቀድሞ የአንጎል ቁራጭ በቀዶ ጥገና ማውጣት ይጠይቅ የነበረውን ምርመራ፣ ዛሬ ፒ ሲ አር በተባለው ዘዴ ይህ ጥቂት ፈሳሽ ይበቃዋል።

የመከላከል ኃይሉ በደከመ ሰው ዘንድ በፈሳሹ ውስጥ የነጭ ደም ሕዋሳት ላይበዙ ይችላሉ። ስለዚህ ፈሳሹ ጤናማ መስሎ ቢታይም ቫይረሱን መፈለግ ይገባል። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱን ባያገኝና ጥርጣሬው ባይወገድ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስና ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ አብረው ይመረመራሉ። ሆኖም ውጤቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ይጀመራል።

ቤተ ሰብም ድርሻ አለው። የበሽተኛው ጠባይ ከተለወጠ ስንት ቀን እንደ ሆነውና የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ኤች አይ ቪ ካለበትም ስለ እፍረት ብሎ አይሸሽግ፤ ሐኪሙ የሚፈልገውን በሽታ የሚያውቀው በዚህ ነውና። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው።